ያ ሰውዬ ያቀረቀረ ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ሶደርማልም በሚባል የስቶክሆልም ሰፈር ውስጥ በነበረ አንድ አሮጌ ሕንጻ ምድር ቤት፣ ቀኝ ጉልበታቸው የማይታጠፍ ኖርዌያዊ ተረት ይነግሩኝ ነበር። አርነ ይባላሉ። የሕንጻውን ማሞቂያ እሳት የሚጠብቁ ዘበኛችን ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ግን እንጀራቸው በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱት ሆኪ ነበር፤ ተከላካይ ነበሩ። ጊዜው በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ ነው። ለትምህርት ይዞኝ የመጣው አባቴ ዩኒቨርሲቲ ሲያመሽ እሳቸው ዘንድ ይተወኛል። «ጋሼ በያቸው» ስላለኝ ጋሼ አርነ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ከአባቴ አፍ ለቅመው ሚጡ ይሉኝ ነበር።

በብርዱ ወራት ቀኑ ገና ሳይጋመስ የመሸ ይመስላል። ያኔ የምድጃውን የብረት በር ከፍተው ከሰል ሲጨምሩ፣ የፍሙ ቅላት ግድግዳው ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ጭሱ ካፖርቴ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር አባቴ ሊወስደኝ በመጣ ቁጥር አሽትቶኝ ይስቃል።

ተረታቸው አንድ ነበር፤ የገዛ ሕይወታቸው። ያደጉት ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሐይቁ በረዶ ሲሠራ ከሁሉ በፊት የተማሩት ወደ ኋላ መንሸራተትን ነበር፤ ተከላካይ ፊቱን ለጠላቱ ሰጥቶ ወደ ኋላ እየሮጠ የሚኖር ሰው ነውና። በኳስ ፈንታ በዱላ የሚገፏትን ጥቁር ክብ ጎማ ተከትሎ የሚሄድ ዓይን ይታለላል፣ የሚመጣውን ሰው ደረት ማየት ነው ይሉኝ ነበር። በአገራቸው ሆኪ እንጀራ ስለማይሆን ስቶክሆልም ገብተው ለአንድ ክለብ ፈረሙ።

እዚህ «ያ ሰውዬ» ጠበቃቸው። ስሙን ጠርተውት አያውቁም። የተጋጣሚ ቡድን አጥቂ ነው፤ ለተመልካች ፈገግ እያለ በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር፣ «ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ፤ መረብህን የት ጣልከው?» እያለ በኖርዌያዊነታቸው ያላግጥባቸዋል። አንድ ቀን ዳኛው ዞር ሲል በዱላው የእጃቸውን አንጓ ሰበረው። ጋሼ አርነ በደህናው እጃቸው መንጋጋውን አሉት። ዳኛው ፊቱን የመለሰው ልክ ያኔ ነው። ከሜዳ ወጡ፣ ታገዱ፣ ክለቡም አሰናበታቸው።

«ዳኛ የሚያየው ሁልጊዜ ሁለተኛውን ምት ነው፣ ሚጡ» አሉኝ።

ሌላ ትንሽ ክለብ ወሰዳቸውና ያን ሰውዬ የሚያገኙበትን ቀን መጠበቅ ጀመሩ። ጎማዋን ይዞ የሚመጣን ሰው በትከሻ ገጭቶ መጣል ደንቡ ይፈቅዳል። ግን ቀና ብሎ የሚመጣ አጥቂ አይቶ ያመልጣል፤ የሚገኘው ጎማዋን ለማየት ያቀረቀረ ብቻ ነው። እኔ ታዲያ በየምሽቱ ደረጃውን ወርጄ ገና ሳልቀመጥ፣ ዛሬስ ይመቱታል ወይ እላቸዋለሁ። ገና ቀና ብሎ ነው የሚጫወተው ይሉኛል። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ አቆዩኝ። ያኔ የማላውቀውን ሰው እንዲያቀርቅር አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እጸልይ ነበር።

አንድ ምሽት አካፋቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና፣ «አቀረቀረ» አሉ።

መላ ሰውነታቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብስበው ገጩት። ድምፁ የቀዘቀዘ እንጨት ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ነበር አሉ። ዳኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቶ ፊሽካውን አልነፋም። ያ ሰውዬ በቃሬዛ ወጣ። እሳቸውም ለመነሳት ሲሞክሩ ጉልበታቸው ከሥራቸው ከዳቸው። ሁለቱም ከዚያ ወዲህ አልተጫወቱም።

አባቴ ለካ ደረጃው ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። «አይቆጭዎትም?» አላቸው።

ጋሼ አርነ ፍሙን እያዩ፣ «ጉልበቴን ይቆጨዋል፤ እኔን አይቆጨኝም» አሉ።

አባቴ እጄን ይዞኝ ወጣ፤ ይህ ለልጅ የሚነገር ተረት አይደለም ብሎም አዘነባቸው። እኔ ግን ውጬው ነበር።

ካደግኩ በኋላ ያገባሁት ባለቤቴ ተስፋዬ የውሃ መሐንዲስ ነበር፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ብዙ ዓመት የደከመበትን ጥናት አብሮት የተማረ ያገሩ ልጅ በራሱ ስም አወጣው። ተስፋዬ በዕድሜው አንዴ፣ ስብሰባ መሐል፣ ጮኸ። ሰው ሁሉ ያየው ጩኸቱን ነው። ጠበኛ ተብሎ ከሥራው ወጣ፤ ባለፈው በልግም አንድም ሰው ይቅርታ ሳይለው ሞተ።

ቀብሩ ላይ ጥናቱን የወሰደበት ያ ሰው መጣ። ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን እየዘረጋ፣ በሰዉ ሁሉ ፊት ወደኔ መጣ። የጋሼ አርነ ምድጃ የከሰል ጭስ ሸተተኝ።

ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። «ቀና ይበሉ» አልኩት። «የተስፋዬን ጥናት በስምዎ ያወጡት እርስዎ ነዎት። እዚሁ ይናገሩት፤ አለዚያ እጅዎን ይሰብስቡ።»

እጁን ሰበሰበና በሰዉ መሐል አልፎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ አይጮህም። ለቀስተኛ አዋረደች፣ በሬሳ ፊት ቂም አወጣች ይሉኛል አሉ። የተስፋዬ ወንበር ባዶ ነው፤ ሊያጽናናኝ ብሎ እዚያ ላይ የሚቀመጥም የለም። ማታ ማታ ብቻዬን እሳት ስሞቅ የጋሼ አርነ ጉልበት ትዝ ይለኛል፤ ደረጃውን ሲወጡ እግራቸውን በእጃቸው እያነሱ ነበር የሚወጡት። ቤቴን ይቆጨው ይሆናል። እኔን አይቆጨኝም።