ሁለቱ ብረቶች

ይህ የደረሰብኝ አምና ነሐሴ ውስጥ፣ ሮቤ ከተማ፣ ከቤቴ በር ሦስት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ነው። ያ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም ያለው ሥራ ስለተበላሸብኝ አይደለም። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ሁሉ እጅግ ያማረልኝ ሥራ ስለጎዳኝ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። መኮንን እባላለሁ፤ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በወጣትነቴ እህል ስሸከም ጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው። ሞተር የተማርኩት ደግሞ ጎባ ውስጥ ተጥሎ የነበረ የወፍጮ ሞተር ለብቻዬ ፈትቼ በመግጠም ነው። ከዚያ በኋላ አጋርፋና ገሰራ ድረስ እየተጠራሁ ስንት ወፍጮ አስነስቻለሁ። ተምረው የመጡ ልጆች ሦስት ቀን ለፍተው ያቃታቸውን፣ እኔ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ አስጠግቼ ብቻ ሕመሙን እነግራቸው ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ባለቤቴ ዘነበች ግን ለጉራ ነው ትላለች። አርባ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር በስሜ የጠራችኝ ጥቂት ጊዜ ነው። የምትጠራኝ “ኢንጂነር” ብላ ነው። ጣሪያ ሲያፈስ፣ “ኢንጂነር፣ ዝናቡ ቤት ገብቶ ቁጭ ብሏል፣ ና አጫውተው” ትለኛለች። እኔም እየተናደድኩ መሰላል አወጣለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። የእኛ ሰፈር መንገድ ከዋናው አስፋልት የሚገነጠል የአፈር መንገድ ነው። አፈሩ እዚህ አገር ኮትቻ የምንለው ጥቁር አፈር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ የሰው ጫማ ይቀማል። አምና ዋናው መንገድ ለጥገና ሲቆፈር፣ ስንዴ የጫኑ ከባድ መኪኖች ሁሉ በእኛ መንገድ ማቋረጥ ጀመሩ። በአንድ ወር ውስጥ የባጃጅ የፊት ጎማ የሚውጥ ጉድጓድ በየአሥር እርምጃው ተከፈተ።

የሰፈሩ ሰው በቀበሌ አዳራሽ ተሰበሰበ። አንዱ ተነስቶ “አስፋልት ካልሆነ ምንም አንፈልግም” አለ። አንዲት ሴት “አስፋልቱን የልጅ ልጆቻችን ይዩት፣ ለእኛ ኮብልስቶን ይነጠፍልን” አለች። መንገዱ መግቢያ ላይ ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ ሐጂ ከድር ደግሞ፣ “ወላሂ፣ መኪናው ባለፈ ቁጥር ጭቃው ዘሎ ሚዛኔ ላይ ይቀመጣል። ስኳር ልመዝን ነው ጭቃ?” ብለው አሳቁን። ሰብሳቢው ዋናው መንገድ ሲያልቅ ተራችን እንደሚደርስ ነገረን። ተራ የሚለውን ቃል በዚያ አዳራሽ ስንት ዓመት እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔ ተነሳሁ። “ጉድጓድ መድፈን ሞያ አይደለም” አልኩ። “ሞያ ማለት ጉድጓድ የሚቆፍረውን ማስቆም ነው። እኛው ገረጋንቲ አምጥተን እንድፈነው። መግቢያው ላይ እኔ ሁለት ብረት እተክላለሁ። ባጃጅ ያልፋል፣ ሰው ያልፋል፣ ከባድ መኪና አያልፍም።”

ሰው አጨበጨበ። ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። ዘነበች ነበረች።

“ሰው ቢታመምስ? እሳት ቢነሳስ? መኪና በምን በኩል ይገባል?”

በሰው ፊት ሚስቴ ስትጠይቀኝ ደስ አላለኝም። “እኔ የተከልኩትን እኔ እነቅለዋለሁ። መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ መንገዱን እከፍትለታለሁ” አልኳት።

“እሺ፣ ኢንጂነር” አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ብረቶቹን እንዴት እንደተከልኩ ልንገራችሁ፤ መነገር ስላለበት ነው። ከአሮጌ ወፍጮ የወጡ ሁለት ወፋፍራም ዘንጎች ነበሩኝ። እግራቸው ላይ ፌሮ በአራት አቅጣጫ አበየድኩ፣ ማንም ስቦ እንዳያወጣቸው። ጉድጓዱን እስከ ደረቴ ቆፈርኩ። ሲሚንቶውን፣ አሸዋውንና ጠጠሩን ራሴ ለካሁ፣ ራሴ አቦካሁ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት። ተደራጅተው ኮንክሪት የሚሠሩት እንኳ እንዲህ አያደርጉም።

ከሳምንት በኋላ አንድ የስንዴ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ አንዱን ብረት ገጨው። የኋላ መብራቱን ሰብሮ ሄደ፤ ብረቱ ቀለሙ ብቻ ተፋቀ። ያን ሳምንት ሐጂ ከድር ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ላለፈ ላገደመው ሁሉ የተፋቀውን ቀለም አሳይ ነበር።

መንገዳችንም ተስተካከለ። ዘነበች ከገበያ በባጃጅ ተመልሳ ስትወርድ፣ “ኢንጂነር፣ ወገቤ አመስግኝልኝ ብሏል” አለችኝ። ከእሷ አፍ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ጠዋቱን ቆሟል። ዘነበች ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱ ከእጇ ወድቆ ምስሩ ሲበተን ሰማሁና ዞር ስል፣ ፊቷ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተጋድሟል። አፏን ከፍታ ልትጠራኝ ሞከረች። የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም።

ጮኼ ጎረቤት ጠራሁ። የሐጂ ከድር ባለቤት ፋጡማ ሮጣ መጥታ ራሷን ደገፈቻት። “ያ ረቢ! እናቴንም እንዲህ ነው ያደረጋት። አሁኑኑ ሐኪም ቤት!” አለች።

ያን ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆቹ ሁሉ ማደያ ተሰልፈው ነበር። አምቡላንስ ደወልን። እግዜር ይስጠው፣ ሾፌሩ ከጠበቅነው በላይ ፈጥኖ ደረሰ። ደርሶም ሁለቱ ብረቶች ፊት ቆመ፤ በወዲያኛው ጫፍ ዞሮ እንዳይገባ የሌሊቱ ዝናብ ያንን በኩል ረግረግ አድርጎታል።

እኔ ዲጂኖ፣ ዶማና ትልቁን መዶሻ ይዤ ሮጥኩ። ሾፌሩ ወርዶ ብረቶቹን እያየ ነበር።

“አባባ፣ ይህን ማን ተከለው?”

“እኔ ነኝ። አሁን እነቅለዋለሁ።”

“ታማሚዋን በቃሬዛ እናውጣቸው። ቅርብ ናቸው አይደል?”

“መንገዱ ጭቃ ነው፣ ትጥሏታላችሁ። አምስት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ” አልኩት።

ጭቃው እውነት ነበር። ግን ያን ያልኩት በጭቃው ምክንያት ብቻ አይደለም። አዳራሽ ውስጥ የተናገርኩት ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። ሐጂ ከድር ከሱቃቸው ወጥተው፣ የሰፈሩ ሰውም ተሰብስቦ ያየኝ ነበር። የአምቡላንሱ ሞተር ደግሞ ገና አልጠፋም ነበር።

በዶማ ዙሪያውን ቆፈርኩ። ዲጂኖውን ከሥሩ አስገብቼ በሙሉ ኃይሌ ተጫንኩት። ዲጂኖው ጎበጠ። መዶሻውን አንስቼ ኮንክሪቱን ደበደብኩ። ጥፍር የምታህል ስንጣሪ ተነሳች፣ ሌላ ምንም። አንዱን ትቼ ወደ ሌላው ዞርኩ። እሱም ያው ነው። እጄ ደማ። ሾፌሩ ሊያግዘኝ ቢመጣ “አታውቅበትም!” ብዬ ገፋሁት።

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን አሁን ልጻፈው። በመካከል ላይ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ብረቱ አልነቃነቅ ሲለኝ፣ በውስጤ አንድ ነገር ደስ ብሎት ነበር። “የማን ሥራ ነው!” የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ። ሚስቴ እቤት ወድቃ።

“ኦቦ መኮንን፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ብረቱን ይተዉትና ሴትየዋን እናንሳ” አሉ ሐጂ ከድር።

“ትንሽ ነው የቀረው።”

ጥቂት ቆዩና ክንዴን ያዙኝ። “አንተ ሰውዬ! ሚስትህ እየሞተች ነው!”

በሠላሳ ዓመት ጉርብትና አንተ ብለውኝ አያውቁም። እኔ ግን ክንዴን አስለቅቄ መዶሻውን እንደገና አነሳሁ። እሳቸውም ከሾፌሩና ከሁለት ሰዎች ጋር ቃሬዛውን ይዘው ወደ ቤቴ ሄዱ። መሄዳቸውንም በደንብ አላስተዋልኩም።

ቀና ስል ዘነበችን ተሸክመው መጡ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ተረጭቷል፣ ፋጡማ ከጎን ሆና ነጠላዋን ታስተካክልላታለች። ማንም አልጣላትም። ቃሬዛው በሁለቱ ብረቶች መካከል ሲያልፍ በግራም በቀኝም አልነካም፤ ልክ ነበር። ልኩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዘነበች በአንድ ዓይኗ አየችኝ። እኔ መዶሻ ይዤ ቆሜያለሁ።

“አባባ፣ ይግቡ እንጂ!” አለ ሾፌሩ።

ከሮቤ ጎባ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አገሩን የሚያውቅ ያውቃል። ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ዶክተሩ “ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆናት?” ብሎ ጠየቀኝ። የሞተር ጉድለት በሰከንድ የምቆጥር ሰው፣ አብራን ወደ መጣችው ፋጡማ ዞርኩ። እሷ መለሰችለት።

ብረቱ ላይ ምን ያህል እንደቆየሁ አሁንም ሰው አይስማማም። ሐጂ ከድር ግማሽ ሰዓት ይሞላል ይላሉ። እኔ አሥር ደቂቃ ነው እል ነበር፤ አሁን አልልም። ያ ጊዜ ባይባክን ኖሮ ትናገር ነበር ወይ ብዬ ዶክተሩን ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ።

ዘነበች ተርፋለች። ቀኝ ጎኗ ግን አይታዘዛትም፣ አንደበቷም አልተፈታም። የምንላትን ሁሉ ትሰማለች፣ ይገባታል። ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ስትናገር ግን አልሰማኋትም።

ከወር በኋላ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው የእኛ መንገድ ለሌላው ሰፈር ምሳሌ ሆኗል አለ፤ ጋሽ መኮንን እንዲህ ያለውን ብረት በየመንገዱ ቢተክሉልን ብሎ ጠየቀ። ሰው አጨበጨበልኝ። በሕይወቴ ሙሉ የተመኘሁት ጭብጨባ ነበር። ወደ ሴቶቹ መቀመጫ ዞር አልኩ። የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ወጥቼ ሄድኩ።

በማግስቱ አንደኛውን ብረት ቆፍሬ ማውጣት ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን ወጣ። አራት ቀን! አምስት ደቂቃ ስጠኝ ያልኩት ሰው ነኝ።

ብረቱ በወጣ በሳምንቱ የስንዴ መኪኖቹ ተመለሱ። ጉድጓዱም ተመለሰ፣ ከበፊቱ ብሶ። የሰፈሩ ሰው አሁን ይወቅሰኛል። “ለምን ነቀሉት? እርስዎ ነዎት መንገዳችንን ያስበሉት” ይሉኛል። ምን ልመልስ? ብረቱ ሲኖር አምቡላንስ አይገባም፣ ብረቱ ሲነሳ መንገድ የለም። ማጠፊያ ኖሮት የሚነሳና የሚመለስ ብረት መሥራት እችላለሁ፤ ሥዕሉንም በእርሳስ አውጥቻለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን በሁለት ቀን እጨርሰው ነበር። የእኛን መንገድ ሳስብ ግን እጄ መሣሪያ ማንሳት እምቢ ብሎኛል። አስፋልቱንም ኮብሉንም እንደ ሌላው ሰው ተራዬን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

በሳምንት አንድ ቀን ዘነበችን ለሕክምና ወደ ጎባ እወስዳታለሁ። ባጃጁ ዋናው መንገድ እስኪደርስ በየጉድጓዱ ሲያነጥራት በግራ እጇ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች። የቀረው አንዱ ብረት ጋ ስንደርስ አንገቷን አዙራ ታየዋለች፤ ከዚያ እኔን ታየኛለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔም ሾፌሩን ቀስ በል እለውና ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋለሁ፣ ድሮ ወደ ሞተር እንደማስጠጋው። ኢንጂነር ብላ እስክትሰድበኝ እየጠበቅኩ ነው። እስካሁን አላለችኝም።