ድንጋይ የምትተነፍሰዋ ወፍ

ደባርቅን የክረምት ጉም ሲውጣት ለእኔ ለፓርኩ ስካውት፣ ቱሪስት አጅቤ ለምሄደው፣ ሥራ የለም፤ ተራራው ላይ ወዳለው ወደ ጨነቅ ካምፕ የሚወጣ እንግዳ አይኖርም። ያን ክረምት ከጌታሁን ጋር ጌም ቤት ከረምን። ጌታሁን አብሮ አደጌ ነው፤ ዳባት ያስተምራል፣ ትምህርት ሲዘጋ ይመጣል። እናንተ ልጆች አሁን የያዛችሁት የጌሙን አዲሱን ክፍል ነው፤ የምትታደነው ወፍ ግን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ አለች። ክንፍ እያላት አትበርም። ቁመቷ ከግመል ይበልጣል፣ ትንፋሿ ያገኘውን ሁሉ ድንጋይ ያደርጋል።

እኛ የመረጥነው አንድ ነፍስ ብቻ የሚሰጠውን አጨዋወት ነበር። ከጀግኖቻችን አንዱ ከሞተ የክረምቱ ልፋት በሙሉ ይሰረዛል። እንደ እናንተ እየሞቱ መነሣት የለም።

ዱካዋን ረግረጉ ላይ አገኘነው፤ ሦስት ጣት፣ ውሃ ገና ያልሞላው። ሣሩ ወደ እኛ ስለተኛ ነፋሱ ከእሷ በኩል ነው፣ አታሸተንም ብዬ በዚያው መራሁ። እኔ ቀስት፣ ጌታሁን ጦርና ጋሻ ይዘናል። ገደሉ ሥር ደረስንባት። እኔ አንገቷ ላይ ፍላጻ ሰካሁ፣ እሱ ጎኗን በጦር ወጋት፣ ተዘረረች።

እዚህ ላይ የአገራችን አመል ጉድ ሠራን። ጌታሁን ጆይስቲኩን አግዳሚው ላይ ጥሎ ተነሣና «አካኪ ዘራፍ!» ብሎ ይፎክር ጀመር፤ ቤቱም አጨበጨበለት። አውሬው መሞቱ ሳይረጋገጥ ይፎከራል እንዴ? ወፏ ዓይኗን ገለጠች። ተነሥታ ፈዞ የቆመው የጌታሁን ጀግና ላይ አጎነበሰች፣ ደረቷ በትንፋሽ ተነፋ። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፣ ሌላ ፍላጻ ሳብሁ።

ይኼኔ ከቋጥኙ ጀርባ ጫጩት ጮኸ። ወፏ ምንቃሯን ገጠመች። እኛን ትታ እያነከሰች ሄደችና ጎጆዋ ላይ ክንፏን ዘረጋች።

ጌታሁን ጆይስቲኩን እያነሣ «ጀርባዋን ሰጠችህ እኮ፣ ልቀቅባት እንጂ!» አለኝ።

ፍላጻው ተስቦ ነበር። ዝቅ አደረግሁት። «እሷ ማረችን፤ እኔ ከወፍ አንሼ ልገኝ?» አልሁት። አኩርፎ ዳባት ገባ፤ እስከ መስቀል አላናገረኝም።

የፕሮግራም ነገር ነው ትሉኛላችሁ፤ መች ጠፋኝ። እንዲህ ያለች እናት ያሰበውን ሰው ግን ባገኘው እጁን እስመው ነበር። አሁንም በየክፍሉ ስትመጣ እገጥማታለሁ። ስትዘረር ግን ድምፁን ከፍ አደርግና ጫጩት ይሰማ እንደሆነ አዳምጣለሁ።