የጓዳው ግድግዳ

እኔና ባለቤቴ አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር የሰው ቤት ግድግዳ ማንኳኳት ነው። አምና ሐምሌ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ዝናቡ እየወረደ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ በድንገት አረፈ። ያንኑ ግድግዳ ዘንድሮ ጥር ላይ ሌሎች ባልና ሚስት ሲያንኳኩት ቆሜ አየሁ። ከልቤ አልወጣ ያለው ይህ ሁለተኛው ቀን ነው።

ባለቤቴ ጌታነህ መምህር ነበር። ዕድሜያችንን የኖርነው በኪራይ ቤት ነው። ገና እንደተጋባን የተከራየነው ቤት ክረምት ላይ አንድ ጎኑ ተደርምሶብን ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ቤት የምናየው በራሳችን መንገድ ሆነ። የጭቃ ቤት ከላይ ሲያዩት ሁሉም ደህና ነው። ጉዱ ያለው ከልስኑ ሥር፣ መሬት ውስጥ የተተከለው ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ጌታነህ ውጭ ይቆምና በከዘራው ጫፍ የግድግዳውን እግር ይመታል። እኔ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ መዳፌን እለጥፋለሁ። እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ ምቱ መዳፌ ድረስ ይመጣል። ምስጥ የበላው ወይም ውኃ ያበሰበሰው ከሆነ እዚያው ይቀራል።

«ደረሰሽ?» ይለኛል ከውጭ።

«ደረሰኝ» እላለሁ። ካልሆነም «አልደረሰኝም»።

የዚያን የሐምሌ ቀን፣ ልንገዛ ያሰብነው ቤት ጓዳ ጋ ስንደርስ ደጋግሜ «አልደረሰኝም» አልኩት። «አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽ ነው እንዴ የደነዘዘው?» ብሎ ሳቀ። ገብቶ ልስኑን በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው እርጥብ የእንጨት ብናኝ ወረደ። ቤቱን ተውነው። በአንድ ጃንጥላ ተጠልለን፣ እሱ «ቆሞ የሞተ ቤት» እያለ እየቀለደ፣ ተመለስን።

እሱ ካረፈ በኋላ፣ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዷን ክፍል ስመኝና ይርጋ የሚባሉ አዲስ ተጋቢዎች ተከራዩ። ጥሩ ልጆች ናቸው። እኔ ግን ቀናሁባቸው። ስመኝ ጠዋት ቧንቧ ላይ ስንገናኝ «እትዬ የሺ፣ ሲያንኮራፋ አድሮ እንቅልፍ ነሳኝ እኮ!» ትለኛለች። አብሬያት እስቃለሁ። የምቀናው ግን በዚያው በማንኮራፋቱ ነው። ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ወጥ አረረ ብለው ሲጨቃጨቁ እንኳ እቀናለሁ። ለመጨቃጨቅም ሁለት መሆን ያስፈልጋል።

ጥር ላይ ስመኝ እየሮጠች መጣች። የሚገዛ ቤት አግኝተዋል። «ቀብድ ከመክፈላችን በፊት እርስዎ ይዩልን። ከጋሼ ጌታነህ ጋር ቤት ያዩ ነበር አሉ» አለችኝ። ሄድኩ። ያው ቤት ነው።

ልስኑ ታድሷል፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። የጓዳው ግድግዳ ቁም ሣጥን ተደግፎበታል። በጋ ስለሆነ እርጥበቱ አይሸትም። ደላላው ግድግዳውን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ ያደርጋል። «ይሄ ግድግዳ ነው ዐለት? ይርጋ ወንድሜ፣ ዛሬ ካልያዝከው ነገ ከገሳይ የሚመጣ ሰው አለኝ።»

ስመኝ ጓዳውን መኝታ ቤት ልታደርገው አስባለች። አልጋው የሚሆንበትን ለባሏ ታሳየዋለች። «አንተ በግድግዳው በኩል ነህ። ስታንኮራፋ ለሱ አንኮራፋለት» አለችው። ተሳሳቁ።

«ይህን ቤት አትግዙት» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። «የጓዳው እንጨት በስብሷል።»

ደላላው ያኔ አወቀኝ። «እንዴ እትዬ! አምና ከባለቤትዎ ጋር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አይታችሁ ትታችሁት የለ? አሁን ልጆቹ ሲይዙት ቆጨዎት? ቅናት እንዳይሆን ብቻ!»

ስመኝ አቀረቀረች። ይርጋ በሽተኛ እንደሚያባብል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ደህና ይመስላል እኮ» አለኝ።

ደላላው አልዋሸም። ቀንቼ ነበር። እንጨቱም በስብሶ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ ለነሱ የታያቸው ግን አንዱ ብቻ ነው።

የማሳምንበትን መንገድ አውቀዋለሁ። እሱን ደግሞ ለማንም መስጠት አልፈለግሁም። ጌታነህ በመታው ግድግዳ ላይ ሌላ ወንድ ለሚስቱ እንዲመታ፣ የኔ መዳፍ በነበረበት ላይ የሌላ ሴት መዳፍ እንዲያርፍ አልፈለግሁም። ግን ይርጋ ሊተኛ የታሰበው በዚያ ግድግዳ ሥር ነው።

ቁም ሣጥኑን ፈቀቅ አስደረግሁ። ይርጋን ድንጋይ ይዞ ውጭ እንዲቆም፣ እኔ ስጠራው የግድግዳውን እግር እንዲመታ ነገርኩት። ስመኝን ቁጢጥ አስባልኳትና እጇን ይዤ መዳፏን ለጠፍኩላት። ልዩነቱ እንዲገባት መጀመሪያ ደህናው የሳሎን ግድግዳ ላይ ነው ያስነካኋት። ይርጋ መታ።

«ደረሰሽ?» አለ ከውጭ።

እንዲህ በል ብዬ አልነገርኩትም ነበር። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

«ደረሰኝ!» አለች እየሳቀች።

ወደ ጓዳው ዞርን። ስመኝ መዳፏን ለጥፋ ጠበቀች።

«ምታ እንጂ!»

«እየመታሁ ነው እኮ!»

«አንተ፣ አትቀልድ።»

«ኧረ እየመታሁ ነው! አልደረሰሽም?»

ሳቋ ጠፋ። «አልደረሰኝም» አለች። «ይርጋ፣ ምንም አልደረሰኝም።»

ደላላው ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ።

ስመኝ ተነሥታ እጄን ሳመችኝ። «እትዬ የሺ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ይርጋ ከውጭ ገባ፤ በአቧራማ እጁ ትከሻዋን አቀፋት። ከሁሉ ቀን አብልጬ የቀናሁት ያኔ ነው።

አሁን ሌላ ቤት ገዝተው ከግቢያችን ወጥተዋል። ስመኝ ላገኘችው ሁሉ ስላወራች፣ ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው ይጠራኛል። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ባልና ሚስት በሬን ሲያንኳኩ አሁንም ውስጤን ያቃጥለኛል። እሄዳለሁ ግን። ሁለቱንም ጎን ለጎን ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ። እኔ የጌታነህን ከዘራ ይዤ ውጭ እቆማለሁ፤ የግድግዳውን እግር እመታለሁ፤ ከውስጥ መልስ እጠብቃለሁ።