ሳልናገር ልቆርጠው የሄድኩት ዳማከሴ

ጁባ ውስጥ ከሐምሌው የወታደሮች ተኩስ በኋላ በመጣው ፋሲካ፣ ታናሽ እህቴ ለዳግማይ ትንሣኤ ልታገባ ቀን ቆርጠናል። ረቡዕ ጠዋት ከንፈሯ በምች አብጦ፣ ውሃ ቋጥሮ ተነሣች። ወይ ጉዴ! ማክሰኞን ሙሉ ቡሉክ ሰፈር ባለችው ምግብ ቤቴ ሽንኩርት ስታቁላላ ውላ፣ ከእሳቱ ዳር ተነሥታ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ወጣች። "ተከናነቢ" ብያት ነበር፤ ማን ሰምቶኝ!

መስታወት ፊት ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች። "በዚህ ፊቴ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፣ ሠርጉ ይቅር" አለች። ይቅር? ሰው ተጠርቶ፣ በሬ ተገዝቶ? ልቆጣት አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ አንጀቴን በላችው። እናታችን የለችም፤ እዚህ አገር እናቷ እኔ ነኝ።

ለምች ዳማከሴ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ! ከአገር ቤት ያመጣኋት ችግኝ ግን በበጋው ሙቀት ጣሳዋ ውስጥ ደርቃ ቀርታለች። ድንገት ትዝ አለኝ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ሰሞን፣ በሰፈራችን በኮር ዊሊያም በቦዳ ቦዳ፣ በሞተር ታክሲ ሳልፍ፣ ሰፈሩን ከሚያቋርጠው ወንዝ ዳር ያ ሽታ መጥቶብኝ ነበር። አስቁሜ ባየው የዱር ዳማከሴ! ቅጠሉ ከእኛው ቀጠን ይላል፣ ጫፉ ላይ ነጫጭ አበባ አውጥቷል። በመዳፌ አሸት አድርጌ ሳሸተው እናቴ ጓሮ የቆምኩ መስሎኝ ብቻዬን ስቄአለሁ።

እናቴ ግን ሕግ ነበራት። መድኃኒት የሚቆርጥ ሰው ማልዶ ይወጣል፤ እስኪቆርጥ ድረስ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ከተናገረ መድኃኒቱ ኃይሉን ያጣል።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ወጣሁ። መንገዱ ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ ከሰል ታያይዛለች። የአገሩ ሰው ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ሰላም ሳንባባል ያለፍንበት ቀን የለም።

"ሰላም ታኪ!" አለችኝ።

ምላሴን ነክሼ አለፍኳት። ጁባ ላይ ሰላምታ አለመመለስ ከስድብ ይከፋል።

"ኢታ ኩዌስ? ደህና ነሽ ወይ?" ብላ ጮኸች። አንገቴን ደፍቼ ፈጠን አልኩ። በሆዴ ግን 'አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬን ብቻ ተይኝ፣ የሙሽራ ጉዳይ ነው!' እላለሁ።

ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዘወር ስል እሷ ናት፣ ሻይዋን ጥላ! ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች ተከትለዋታል። ምን አድርጌ ነው? እንዳልጠይቅ አፌ ታስሯል። ሩጫ ቀረሽ እርምጃ ያዝኩ፤ እነሱም ፈጠኑ። ዝናቡ የሞላው ወንዝ አፋፍ ላይ ደርሼ ጎንበስ ከማለቴ ቀሚሴን ከኋላ ጨምድዳ ሳበችኝ። ተያይዘን ጭቃው ላይ ዘጭ አልን።

ቅጠሉ ግን ከነአበባው እጄ ላይ ነው!

"ቆረጥኩት! ኧረ ልቀቂኝ፣ ቆረጥኩት!" ብዬ በአማርኛ ጮህኩ።

"ደ ሹኑ? ምንድን ነው?" አለችና ወስዳ አሸተተችው። "ሪሃን?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እነሱ ትንኝ የሚያባርሩበት ቅጠል ነው! በተሰባበረ ዓረብኛዬ የሙሽራዋን ከንፈር፣ የእናቴን ሕግ ስነግራቸው ይብስ ሳቁ። እኔም ጭቃ በጭቃ ሆኜ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ያልሳቀችው እሷ ብቻ ናት። ቀሚሴንም አልለቀቀችም።

"እህቴ ልጇ በተኩሱ ሞተባት" አለችኝ። "አንድ ጠዋት ሰላም ስላት ዝም ብላኝ ወደ ወንዙ ወርዳ በዚያው ቀረች። ሻይ እያፈላሁ ነበር። አልተከተልኳትም።"

ከነጭቃዬ አቀፍኳት።

ቤት ገብቼ ቅጠሉን አሽቼ፣ ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ አድርጌ እህቴን አጠጣኋት፤ ግንባሯንና ከንፈሯን ቀባሁላት፤ በጋቢ ጠቅልዬ አላብኳት። ማታ እብጠቱ ጎደል ብሏል! "ነገም ድገሚልኝ፣ ልክ እንደ ዛሬው አድርጊ" አለችኝ፣ ዓይኗ በርቶ።

ዓርብ ማለዳ ያው ጥግ ደረስኩ። የእናቴ ሕግ ሠርቷል፤ ዛሬ ተናግሬ ቢከሽፍብኝ እህቴን ምን እላታለሁ? ሴትዮዋ ከሰሉን ትታ ታየኛለች። ዛሬ እሷም አፍ አውጥታ ሰላም አላለችኝም፤ ሕጌን ልታከብርልኝ ነው።

እናቴ ይቅር ትበለኝ። "ሰላም ታኪ!" አልኩ፣ ሰፈሩን በሚቀሰቅስ ድምፅ።

ፊቷ ፈካ። አብራኝ ወርዳ በሁለት እጇ ቆረጠችልኝ።

እሑድ እህቴ ከንፈሯ ላይ ከሊፒስቲኩ ሥር የማይታይ ቅርፊት ብቻ ቀርቶ፣ እየሳቀች ከቤት ወጣች። ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው ሻይ ሻጯ ናት። እኔማ የደስታ እንባዬን በነጠላዬ ስጠርግ እልል ማለቱን ረሳሁት። ዝም ማለቴን ስታይ እልልታዋን ሳታቋርጥ ቀሚሴን ጭምድድ አድርጋ ያዘች።