የአንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ትራንዚት

መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት ስቆርጥ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ደንበኞቼ በአብዛኛው የመርካቶ ነጋዴዎች ናቸው። ዕቃ ሊያመጡ ዱባይና ቻይና ይመላለሳሉ፤ መንገዱን ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። ስለዚህ መምከር አልለመደብኝም። የተጠየቅኩትን እፈልጋለሁ፣ አሳያለሁ፣ እቆርጣለሁ።

ከሕንፃው መግቢያ በስተቀኝ ማጠፊያና ጓጉንቸር የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው፣ ጎጃም በረንዳ በተሸካሚነት ጀምረው ነው እዚያች ሱቅ የደረሱት። በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር ሰላምታ እንለዋወጣለን እንጂ ቁጭ ብለን አውርተን አናውቅም። አንድ ልጅ እንዳላቸው፣ እሱም ካናዳ እንደሚኖር ግን የሕንፃው ሰው ሁሉ ያውቃል። ልጁ ሲያገባ ለሠርጉ ቪዛ አግኝተው ነበር። ሊነሡ ሳምንት ሲቀራቸው ባለቤታቸው ታመሙባቸውና ቀሩ። ብዙም ሳይቆዩ ባለቤታቸው ዐረፉ። ፓስፖርቱ ቪዛው እንደተለጠፈበት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እኒያ ሰው ደረጃውን ወጥተው ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። ሦስት ፎቅ በዚያ ጉልበት መውጣት ቀላል አልነበረም፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ መቃኑን ይዘው ቆዩ። ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም። የቪዛው ጊዜ ገና ያላለፈበትን ያንን ፓስፖርት ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ልጄ ታሟል" አሉኝ። "በማሽን ነው አሉ የሚተነፍሰው።"

"ምን ሆኖ ነው ጋሼ?"

"ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ አለችኝ ሚስቱ። ቶሎ ይምጡ ነው የምትለው። ቶሎ የሚያደርሰኝን ቁረጪልኝ።"

ኮምፒውተሩ ላይ ፈለግኩ። ከአዲስ አበባ የሚነሣው አውሮፕላን አንድ ነው። ጠዋት ካናዳ ትልቅ ከተማ ያርፋል። ከዚያ ልጁ ወደሚኖርበት ትንሽ ከተማ የሚሄዱት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ካረፉ ከአንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ በኋላ ይነሣል፣ ሌላው ከስድስት ሰዓት በላይ ያስጠብቃል።

"አንደኛው ከቀትር በፊት ያስገባዎታል" አልኳቸው። "ሁለተኛው ዐሥር ሰዓት ተኩል ግድም።"

"ይኼ ደግሞ ምን ጥያቄ አለው? የፊተኛውን ነዋ።"

እጄ ለአፍታ ቆመ። አንድ አገር ሲገባ ኢሚግሬሽኑም ጉምሩኩም መጀመሪያ ባረፉበት ከተማ ነው የሚያልቀው። የፓስፖርት ሰልፍ አለ። ከዚያ ሻንጣን ራስ ጠብቆ ማንሣት አለ። በጉምሩክ ማለፍ አለ። ሻንጣውን መልሶ ማስረከብ፣ እንደገና መፈተሽ፣ የሚቀጥለውን አውሮፕላን በር ፈልጎ ማግኘት አለ። ቋንቋ የሚችል፣ መሮጥ የሚችል ወጣት በአንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ምናልባት ይወጣው ይሆናል። እኚህ ሰው ግን እፊቴ ቆመው እንኳ ገና ትንፋሻቸው አልተመለሰም።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸውን ሳየው ዘጋሁት። ልጁ በማሽን ለሚተነፍስ አባት "ስድስት ሰዓት ቁጭ ብለው ይጠብቁ" ማለት ጭካኔ መሰለኝ። ሲስተሙም ተቀብሎታል፤ አይሆንም ያለ የለም። ቆረጥኩት።

ዊልቸር እንዲጠብቃቸው መጠየቅ እችል ነበር፤ በዊልቸር የሚገፉ ሰዎች ሰልፍ አይሰለፉም። አንዲት መስመር መጻፍ ነው። አልጻፍኩም። ትኬቱን አትሜ፣ ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥሬን ጽፌ ሰጠኋቸው።

የሚነሡት የዚያኑ ዕለት ማታ ስለነበር የሕንፃው ሰው ተሯሯጠ። አንዷ ሽሮ፣ አንዷ በርበሬ፣ አንዷ የተነጠረ ቅቤ አመጣች። እኔም በምሳ ሰዓት ተክለ ሃይማኖት ወርጄ፣ በሁለት ሊትር ፕላስቲክ ጠበል አስቀድቼ መጣሁ። ልጁን እንዲያስጠምቁት። ሻንጣው ውስጥ በልብስ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት በገዛ እጄ ነው። በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ጉምሩክ እንዲህ ያለውን ሻንጣ እንደሚያስከፍት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

በማግስቱ ማታ እቤቴ ከልጆቼ ጋር እራት ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው የውጭ ቁጥር ነው።

"አባባን አንቺ ነሽ ትኬት የቆረጥሽላቸው?" አለችኝ አንዲት ሴት። የልጃቸው ሚስት ናት፤ ከመነሣታቸው በፊት ቁጥሬን ነግረዋታል። "አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ ነው። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ እሳቸው የሉም።"

በስልኬ ሲስተሙን ከፍቼ አየሁ። ወደ እሷ ከተማ በሚሄደው አውሮፕላን አልተሳፈሩም። ለሚቀጥለው ቀን ጠዋት ተዛውረዋል።

"አመለጣቸው" አልኳት። "ነገ ጠዋት ነው የሚደርሱት።"

"ዛሬ ሌላ የለም?"

ነበረ። የከሰዓት በኋላው። ግን ሞልቶ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ባዶ ወንበሮች ነበሩበት፤ አይቻቸዋለሁ።

"ሞልቷል" አልኳት።

ከኋላዋ የድምፅ ማጉያ ስለ ሌላ በረራ ያወራል።

"ሐኪሞቹ እሳቸው እስኪመጡ ብለው ነው ያቆዩት" አለች በመጨረሻ። "ነገ ድረስ ይቆይ እንደሆነ እንጃ።"

አልቆየም። የዚያኑ ቀን፣ እዚያ ሲመሽ፣ የከሰዓት በኋላው አውሮፕላን ካረፈ ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጁ ዐረፈ። አባትየው በዚያን ሰዓት ትልቁ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። የሚያናግራቸው ሰው አልነበረም። ሞቱን ያወቁት በማግስቱ ሲደርሱ፣ የምራታቸውን ፊት አይተው ነው።

ለሥራ አስኪያጄ ነገርኩት። "ትኬቱ ሕጋዊ ነው" አለኝ። "ሲስተሙ የፈቀደውን ነው የሸጥሽው። የመረጡትም እሳቸው ናቸው።" ሁሉም እውነት ነበር።

ቀብሩ እዚያው ሆነ። ከአርባው በኋላ ሲመለሱ የሕንፃው ሰዎች ተሰብስበን ለቅሶ ደረስን። ቤታቸው አውቶቡስ ተራ ጀርባ ነው። ፍራሽ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ በጣም ከስተዋል። እኔ በሩ አጠገብ፣ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጥኩ። ይወቅሱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው መናገር ጀመሩ።

"ሰልፉ የንግሥ ሕዝብ ነው የሚመስለው" አሉ። "እግሬ እምቢ አለኝ። ከእኔ ጋር የወረደው ሁሉ እየቀደመኝ ሄደ። ከዚያ ሻንጣዬን ከፈቱት። ቅቤውን ወሰዱት። ፕላስቲኩን አነሡና ጠየቁኝ፤ የሚሉት አይገባኝም። በስልክ አስተርጓሚ እስኪያገኙ አስቀመጡኝ። ሲያገኙ ሰውየው፣ 'ውኃ ለምን ይዘው መጡ? ይላሉ' አለኝ። ለልጄ ነው አልኩት። ወዲያው ለቀቁኝ፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩም።"

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"በሩ ጋ ስደርስ ተዘግቷል። አውሮፕላኑ በመስተዋቱ ይታየኛል፤ ገና አልተነሣም። እጄን አነሣሁለት፤ ልክ እንደ ታክሲ።" ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ነኝ። የሽማግሌ እግር ነው ያስቀረኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደርስ ነበር።"

አጠገባቸው የተቀመጡ ሌላ ሽማግሌ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" አሏቸው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔም አብሬ መጠጥኩ። "ጋሼ፣ እግርዎ አይደለም" ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ሰው ፊት መናገር ፈራሁ። ንፍሮዬን ቆርጥሜ፣ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ከአራት ሰዓት ያነሰ ትራንዚት፣ ኢሚግሬሽን ያለበት ከሆነ፣ አልቆርጥም። ደንበኞች ይቆጣሉ። አንዱ "አውሮፕላን ማረፊያ ልታሳድሪኝ ነው እንዴ?" ብሎኝ ከታች ፎቅ ካለው ቢሮ ሄዶ ቆረጠ። ቀኑን ሙሉ ይህን ሳስረዳ እየዋልኩ፣ ሊሰሙት ለሚገባቸው ሰው ግን አልነገርኩም። ሱቃቸው በር ላይ ሳልፍ ስልክ የማወራ እመስላለሁ።

እንዲህ ሆኜ አራት ወር ገደማ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ሳለሁ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ደረጃውን ወጥተው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ግን ተቀመጡ።

"አንድ ነገር አስረጂኝ" አሉኝ። "እዚያ ቦታ ምን እንደሆንኩ እስካሁን አልገባኝም። ስንት ቦታ ነው ያቆሙኝ? አንዱ ሰልፍ ምንድነው፣ ሌላው ምንድነው?"

ወረቀት አወጣሁ። አውሮፕላኑን እዚህ፣ የፓስፖርቱን ሰልፍ እዚህ፣ ሻንጣው የሚወጣበትን እዚህ፣ ጉምሩኩን እዚህ እያልኩ ሣልኩላቸው። በእያንዳንዱ ላይ የሚፈጀውን ጊዜ ጻፍኩበት። ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያሳለፉ ተከተሉኝ። የመጨረሻው በር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ይኼ ሁሉ ተደምሮ በዚያች ሰዓት ያልቃል?"

"አያልቅም ጋሼ።"

"ለወጣትም?"

"ለወጣትም ይከብዳል።"

ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ላላ፤ ያን ሁሉ ወር የተሸከሙት ነገር። ደስ ሊለኝ ሲል ቀና ብለው አዩኝ።

"አንቺ ይኼን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሌላ አውሮፕላን ነበረ፣ ዐሥር ሰዓት ተኩል የሚያስገባ፤ አይደለም?"

"ነበረ።"

"በእሱ ብሄድ አገኘው ነበር።"

ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ቸኩለው ነበር ጋሼ። ይጠብቁ ማለት... አንጀቴ አልቻለም።"

"እኔማ ቸኩያለሁ" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። "ልጄ እየሞተ ነበር። አንቺ ምን አስቸኮለሽ?"

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ተነሡ። ደረጃው ድረስ ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። "ተይው" አሉኝ። ሲወርዱ እያንዳንዱን ደረጃ ሰማሁት። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንድ ደንበኛ ገብቶ የጅዳ ዋጋ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜ መድገም ነበረበት።

ከፋሲካ በኋላ ሱቁን ለሌላ ሰው አስተላለፉ። ደብረ ማርቆስ ከእኅታቸው ዘንድ ሊኖሩ ነው ተባለ። ዕቃቸው ሲጫን ከመስኮት አየሁና ወረድኩ። የሕንፃው ሰው ተራ በተራ ይሰናበታቸዋል። ተራዬ ሲደርስ "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

እጄን ጨበጡኝ። የሚሉትን ጠበቅኩ። ከኋላዬ የቆመውን የጨርቅ ነጋዴ አዩና፣ እሱን ሊስሙ አልፈውኝ ሄዱ።