የልምምድ ቤቱ በሽተኛ

ጋሼ ቧንቧ ዕድሜያቸውን በሰው ቤት እቃ ማጠቢያ ሥር በጀርባቸው ተኝተው የጨረሱ ሰው ናቸው። ሌላው ሰው የጎረቤቱን ቤት በሳሎኑ ሲያውቀው እሳቸው ከሥሩ ነበር የሚያውቁት፤ የማን መታጠቢያ ፀጉር እንደሚውጥ፣ የማን ግድግዳ ውስጥ ውስጡን እንደሚረጥብ፣ የትኛዋ ሙሽራ ቀለበቷን ውኃ መውረጃ ውስጥ ጥላ ለባሏ እንዳልነገረች። ምስጢር ግን ከአፋቸው አይወጣም። «የሚያፈሰው ቧንቧው ነው እንጂ ቧንቧ ሠሪው አይደለም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ የዛገ ቧንቧ ሲያጠብቁ መፍቻው ከእጃቸው አመለጠ። ስትሮክ ነበር። በኋላ ሲያወሩት «መፍቻው ወደቀ ብዬ ላነሳው ጎንበስ ስል፣ ለካ የወደቀው እጄ ኖሯል» ይላሉ። ሰሚው ይሳቅ አይሳቅ ብሎ ሲቸገር እሳቸው ቀድመው ይስቁለታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ተንጠልጥሎ አብሯቸው የሚሄድ እንግዳ ሆነ።

ሚስታቸው እንደ ሕፃን ያዘቻቸው። አለበሰቻቸው፣ አጠበቻቸው፣ አበላቻቸው። ከሆስፒታል አንዲት ወጣት ባለሙያ ቤታቸው እየመጣች ታያቸው ጀመር፤ አንድ ቀን ታዲያ ሚስትየውን «ይቅርታ ያድርጉልኝና ዛሬ እርስዎ በረንዳ ላይ ይቀመጡልኝ» አለቻት። ሚስት ወጥታ ተቀመጠች፣ አለቀሰችም። ጋሼ ያንን ጠዋት ሙሉ ከአንድ ሸሚዝ ጋር ሲታገሉ ቆዩ። በመጨረሻ በረንዳው ላይ ብቅ ሲሉ ቁልፎቹ በተሳሳተ ቀዳዳ ገብተው የሸሚዙ አንድ ወገን ከሌላው ረዝሟል። ሚስት እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ «ጎረምሳ መሰልክ እኮ!»

ከዓመታት በኋላ እሷ ስትሞት ጥቁር ኮታቸውን የለበሱት ራሳቸው ናቸው፤ የሸሚዙንም ቁልፍ በግራ እጃቸው አንድ በአንድ ቆለፉ። ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ ብቸኛ ልጃቸው ሻንጣ አውጥታ ልብሳቸውን ማጣጠፍ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እኔ ጋ ትሄዳለህ አባዬ። ብቻህን እዚህ ምን ልትሠራ?»

«ልኖር ነዋ።»

«በአንድ እጅ?»

«ስሚኝ። ሸሚዜን ራሴ መቆለፍ ያቃተኝ ቀን መጥተሽ ውሰጂኝ፤ አንዲት ቃል አልተነፍስም። እስከዚያ ግን ቤቴ ቤቴ ነው።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ልጅቷ ልብሱን ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች። አባቷን ታውቃቸዋለች፤ የጠበቀ ነገር በጉልበት ከፈቱት ይሰበራል የሚሉ ሰው ናቸው።

ያቺ ወጣት ባለሙያ በዚህ መሃል የኮሌጅ መምህርት ሆና ነበር። የምታስተምረው ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለውን ነው፤ በሕመም ወይም በአደጋ አቅሙን ያጣ ሰው መልበሱን፣ መታጠቡን፣ ማብሰሉን፣ የየዕለት ኑሮውን መልሶ እንዲችለው ማገዝ። ጋሼ ቧንቧ ባለሙያዎቹን በአጭሩ «የሸሚዝ ዶክተሮች» ይሏቸዋል። መምህርቷ በሐዘናቸው ሰሞን መጥታ፣ በየሳምንቱ እየመጡ ተማሪዎቿ እንዲለማመዱባቸው ለመነቻቸው።

ኮሌጁ ውስጥ ምድር ቤት የልምምድ ቤት አለ። አልጋ፣ ምድጃ፣ እቃ ማጠቢያ፣ መያዣ ብረት የተገጠመለት ሽንት ቤት፣ ሁሉም በአንድ ክፍል። ጋሼ የመጀመሪያ ቀን ገብተው ቧንቧውን ከፈቱት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩ፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም።

«ይኼ ቤት አይደለም፤ ቲያትር ነው» አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ እኔም ልተውን።»

ተወኑም። የሚችሉትን ሁሉ እንደማይችሉ ሆነው፣ በታመሙ ሰሞን እንደነበሩት። ተማሪዎቹ እሳቸውን እያዩ ተማሩ። ሸሚዝ መልበስ አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም፤ ሳይወድቁ መቀመጥ አለ፣ እጅጌውን ማግኘት አለ፣ የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሆነ መለየት አለ። በሽተኛው የሚሰናከለው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው፤ ያቺን አንዷን ማየት ነው ትምህርቱ። የታመመው እጅ ቀድሞ ይገባል፣ ሲወጣም መጨረሻ ይወጣል፤ ይህቺን ተማሪዎቹ እንደ ዘፈን ይዘዋታል። አንድ ቀን ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው አንድ እጃቸው በሻሽ ታስሮ ይውላሉ። የጥርስ ሳሙና ክዳን አልከፈት ብሏት ያለቀሰች ተማሪ ነበረች። ጋሼ አጠገቧ ቁጭ ብለው ቱቦውን በጉልበት መሃል እንዴት እንደሚይዙት አሳዩዋት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አለማገዝ ነው። መምህርቷ «እጅ ወደ ኋላ!» ስትል ሁሉም እጃቸውን ከጀርባቸው ያቆላልፋሉ፤ በሽተኛው ሲታገል ቆመው ይጠብቃሉ። ቸኩሎ የሚያግዝ የሰውየውን ሥራ ይቀማዋል ትላቸዋለች። ፈተናውም ይኸው ነበር። ጋሼ ቁልፉ ላይ ሲደርሱ ላብ ላብ እያላቸው አንጀት በሚበላ ድምፅ «እባክሽ ልጄ፣ ደከመኝ፤ ይቺን አንዷን ብቻ ቆልፊልኝ» ይላሉ። እጇን ከዘረጋች ወዲያው ነው የሚቀልዱባት።

«ሩኅሩኅ ነሽ፤ ገነት ትገቢያለሽ» ይሏታል። «ፈተናውን ግን ወድቀሻል።»

ለተማሪዎቹ ሁሉ ቅጽል ስም ያወጡላቸዋል። በመጨረሻው ዓመት ከነበሩት አንዱ ለፍላፊው ነው። አንዷ ደግሞ ስትገባም ስትወጣም ኮቴዋ የማይሰማ፣ ተጠይቃ እንኳ በግድ የምትመልስ ልጅ ነበረች፤ እሷን ድመቴ አሏት።

በዚያ ዓመት ትወናቸው አደገ። ቁልፉን ሲስቱ እውነት የሳቱ ይመስላል። ብርጭቆ ከእጃቸው ወድቆ ሲሰበር መምህርቷ ሳትቀር ደነገጠች፣ ከዚያም ሳቀች። «ጋሼ፣ ፊልም ሠሪዎች እንዳያዩዎት! ነጥቀው ይወስዱብናል» ይላል ለፍላፊው። ትምህርቱ ሲያልቅ ያጨበጭባሉ። ጋሼ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጭብጨባውን ይቀበላሉ፤ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይሄዳሉ። ሲለብሱት ያየ የለም።

ድመቴ ያሏት ልጅ ግን አንድ ነገር አየች። ጋሼ ሲተውኑ ሁልጊዜ የሚያሰንፉት የታመመውን ቀኝ እጅ ነው፤ ግራው ጎበዝ ስለሆነ እሱን መደበቅ አይሆንላቸውም ነበር። አሁን ግን የሚስተው ግራው ነው። አውራ ጣታቸው፣ የገዛ በሩን ስቶ እንደሚያልፍ ሰው፣ ቁልፉን አልፎት ሲሄድ አየችው። ለማንም አልተናገረችም። እርግጠኛ አልነበረችም።

ተማሪ ሁሉ የአንድ በሽተኛ ቤት ሄዶ ኑሮውን የሚያይበት ሳምንት ሲደርስ እሷ የጋሼን መረጠች።

ቤታቸው አንድ ክፍልና ጠባብ ኩሽና ነው። ጋሼ ሻይ እያፈሉ ያወራሉ፤ እሷ ታያለች። ሸሚዞቻቸው ምስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ከላይኛዋ ቁልፍ በስተቀር ተቆልፈዋል፣ በራስ በኩል እንዲጠለቁ። ዳቦው በቢላ አልተቆረጠም፣ ተገምሷል። ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ ሳፋ ተቀምጧል።

«እሱን አትዪብኝ፤ የቧንቧ ሠሪ ቤት ሁልጊዜ እንደዚህ ነው» አሉ ዓይኗን ተከትለው።

ሻዩን ሲያቀርቡላት የግራ እጅጌያቸውን ጫፍ አየች። በእሳት ተለብልቧል።

«ጋሼ።»

«አቤት፣ ድመቴ።»

«ደህናው እጅዎ እንዲህ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

«ከክረምቱ ጀምሮ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ትንሿ ጣት ደነዘዘች። ከዚያ ሌሎቹ ቀኑባት መሰለኝ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«እንዴት አልተናገርኩም! በየሳምንቱ እናንተ ፊት ቁጭ ብዬ ስናገር አልነበር? አጨበጨባችሁልኝ።»

ይህን ያሉት በወቀሳ አልነበረም፤ እንዲያውም ፈገግ ብለው ነበር። ድመቷ ግን ሻዩን አስቀመጠችው።

«ለመምህርት መንገር አለብን ጋሼ።»

«ለእሷ ከተነገረ ለልጄ ይደርሳል። ልጄ ደግሞ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆንስ በተሻለኝ፤ ክፉን ሰው እምቢ ማለት ይቻላል።» ወደ ሸሚዞቹ አዩ። «ቃል ሰጥቻታለሁ። ይቺ ቤት በቁልፍ ላይ የቆመች ናት።»

«እጅጌዎ ተቃጥሏል።»

«ትንሽ ናት።»

«ነገስ?»

ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ድመቷ ሄዳ ልታጠብቀው ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች፤ በዚህ ቤት ውስጥ እሱን ማጥበቅ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለች።

«ጎበዝ ነሽ» አሏት በመጨረሻ። «ማየት ተምረሻል። እንግዲህ አንቺ አትናገሪ፤ እኔው እናገራለሁ። አጠገቤ ቁሚልኝ ብቻ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሸሚዙ ጭናቸው ላይ እንዳለ ቀና አሉና «መምህርት፣ ይኼኛውም እጄ እምቢ አለኝ» አሉ። ለፍላፊው ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። ጋሼ ደግመው «እውነቴን ነው» አሉ፤ ሳቁ ባሰ።

«አትሳቁ!» አለች ድመቷ።

ድምፅዋን እንዲህ ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም። ሳቁ ተቋረጠ። መምህርቷ መጥታ ተንበረከከች፤ ግራ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈተሸች። ሦስተኛው ጣት ላይ ስትደርስ መቀጠል አቃታት። «ስንቴ አጨበጨብኩልዎ» አለች።

ሐኪሙ ጥቃቅን ስትሮክ ነው፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ መጥቷል አለ። እጁ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ሌላም ሊከተል ይችላል። ያም ሆኖ መምህርቷና ድመቷ ከትምህርት በኋላ የልምምድ ቤቱን ዘግተው አብረዋቸው ሠሩ። አሁን ትወና የለም፣ ቀልድም ጠፋ። ቁልፉ አልሆነም። በቁልፍ ፈንታ በሚጣበቅ ጨርቅ የሚዘጋ ሸሚዝ ሞከሩ፤ ጋሼ አንዴ ዘግተው ከፈቱትና «ይኼ ከቃሌ ጋር አይቆጠርም፤ ልጄን አላጭበረብርም» ብለው አስቀመጡት። የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ድመቷ የማንኪያ እጀታ በስፖንጅ ጠቅልላ አወፈረችላቸው፤ በእሱ ሾርባ ወደ አፋቸው ማድረስ ቻሉ። ግማሹ ይፈሳል፣ ግማሹ ይደርሳል። ያን ቀን ብቻ የድሮ ፊታቸው ተመለሰ፤ «በሉ፣ ቢያንስ ሾርባዬን ራሴው እደፋዋለሁ» አሉ።

ልጃቸውን ያስጠሩት ራሳቸው ናቸው። መጣች፣ አቅፋ አለቀሰች፣ ሻንጣውን አወጣች። እንዳሉትም አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ድመቷ ማንኪያውን ለልጅቷ ሰጥታ አጠቃቀሙን አሳየቻት፤ ልጅቷ በጥሞና ሰማች፣ አመሰገነችም።

ድመቷ ከተመረቀች በኋላ አንድ እሁድ ልትጠይቃቸው ሄደች። ቤቱ ሰፊና ንጹሕ ነው። ጋሼ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው ተላጭቷል፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፎ ተተኩሷል። ወፍረዋል። አወቋት፤ «ድመቴ» አሏት። ግን የሚወራውን ፈልጋ የምታወራው እሷ ብቻ ናት።

«በእኔ ፈንታ ማን መጣ?» አሉ ዓይናቸውን ከመስኮቱ መልሰው።

«ማንም አልመጣም ጋሼ። መምህርት አሁን ተማሪዎቹን እርስ በእርስ ነው የምታለማምዳቸው።»

«አይሆንም። ጤነኛ በጤነኛ ላይ ምን ይማራል» አሉና መልሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ምሳ ሲደርስ ልጅቷ ሾርባ ይዛ ገባች፤ አንገታቸው ላይ ፎጣ አሰረች። የያዘችው ተራ ማንኪያ ነው።

«ያ ማንኪያስ?» አለች ድመቷ ቀስ ብላ።

«አለ፤ አስቀምጬዋለሁ፣ እንዳይጠፋ ብዬ። መጀመሪያ ሰሞን በእሱ ይበላ ነበር እኮ። ግን ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ ልብሱ ይበላሻል፣ ልጆቼም ቆመው ያዩታል። እሱ ያፍራል። ለምን ላድክመው እህቴ? ስንት ዓመት ለእኔ ደክሟል። አባቴ እኮ ነው።»

«በቀን አንዴ እንኳ... ይችላሉ እኮ።»

«እሺ፣ እሞክራለሁ» አለች ልጅቷ፤ እንግዳን ላለማስቀየም እንደሚባለው አድርጋ።

ከዚያ ወንበር ስባ አባቷ ፊት ተቀመጠች። ሳህኑን ጭኗ ላይ አመቻችታ ሾርባውን አማሰለችው፣ እንዳያቃጥላቸውም እፍ አለችበት። ማንኪያው ገና ከሳህኑ ሳይነሳ፣ ጋሼ ቧንቧ አፋቸውን ከፈቱ።