ጎሚስታው ደምሴና የጠፋው ሸክላ

ሐዋሳ መናኸሪያ በር ላይ ጎማ ይጠግን የነበረው ደምሴ፣ ድምፁ ከመኪና ጥሩምባ አያንስም ነበር። ቀኑን ሙሉ ከንፋስ መሙያው ሞተር ጋር ሲፎካከር ስለሚውል፣ «እንደምን አደሩ» ሲል እንኳ ሰዉ የተሰደበ እየመሰለው ዞር ይላል። ወደ ከተማዋ የመጣው በጭነት መኪና ረዳትነት ነው። ሻሸመኔን አለፍ እንዳሉ ጎማ ፈነዳና ሐዋሳ አስጠገኑ፤ ሹፌሩ መንገዱን ቀጠለ፣ ደምሴ ግን ጎማውን የጠገነው ሽማግሌ ዘንድ ቀረ። ሽማግሌው ሲሞት ዕቃውንም ደንበኞቹንም ወረሰ። አብዮቱ ሲፈነዳ ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር። አብዮቱ መጣ፣ ቀበሌው መጣ፣ ሰዓት እላፊው መጣ፤ ሚስት ብቻ ሳትመጣ ቀረች።

ሲስተር ሙሉን ያወቃት በብስክሌቷ ሰበብ ነው። ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ በነርስነት የምትሠራ፣ ቀጠን ያለች፣ ነገሯ ሁሉ ዝግ ያለ ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ የኋላ ጎማዋ ተንፍሶባት ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ደምሴ ከመነዳሪውን አውጥቶ ውኃ ውስጥ እየነከረ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ሲፈልግ፣ እሷ ከጎኑ ቆማ አንድ የማያውቀውን ዜማ ታንጎራጉራለች።

«የማን ዘፈን ነው?» አላት።

«ዘፈን አይደለም። ሶናታ ነው።»

ደምሴ አዲስ የጣሊያን ጎማ ስም መሰለው። «ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ አይገኝም» አለ በእርግጠኝነት።

ሙሉ ሳቋን ለመዋጥ ወደ አውቶቡሶቹ ዞረች። «ቫዮሊንና ፒያኖ ሁለቱ ብቻ የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው። መስማት ከፈለጉ ነገ ከሰዓት ቤት ብቅ ይበሉ።»

ደምሴ መስማት የፈለገው እሷን ነበር፤ ሶናታውም ቢሆን መንገዱ በእሷ ቤት በኩል እስካለፈ ድረስ ግድ የለውም።

በማግስቱ የእጁን ጥቁረት በቤንዚን አሽቶ፣ በሳሙና ደግሞ ታጥቦ፣ እንደ ነዳጅ ማደያ እየሸተተ ደረሰ። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ተዋበች በረንዳቸው ላይ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «አንተንም ያን የሚያላዝነውን ልታሰማህ ነው? እግዜር ያጽናህ» ብለው አሳለፉት።

የሸክላ ማጫወቻው ዳንቴል በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ በእጅ የሚጠመዘዝ፣ አፉ እንደ መለከት የሰፋ ነው። ቡሹሎ በኩል ሐይቁ ዳር ትኖር የነበረች አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ሐኪም፣ አብዮቱ ሲመጣ ወደ አገሯ ስትመለስ ለሙሉ ትታላት የሄደችው ነው። ሸክላዎቹ የተቀረጹት ጣሊያን አገራችንን ሳይወር በፊት ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ሁለቱም ከሞቱ ቆይተዋል። ሙሉ ይህን ስትነግረው ደምሴ ኮፍያውን አወለቀ።

መርፌው ሸክላው ላይ እንዳረፈ ቤቱ በጠሽ ጠሽ ተሞላ።

«ቆሎ የሚቆላው ማን ነው?»

«የሸክላው እርጅና ነው። ከሥሩ ያለውን ያዳምጡ።»

ደምሴ ጆሮውን ወደ መለከቱ አስጠጋ። ከቆሎው ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ እየተለማመጠ ሲመጣ፣ ከኋላው ሌላ ወፍራም ድምፅ ቀስ ብሎ ሲከተል ሰማ። «ይሄ ነገር ይተነፍሳል» አለ በሙያው ኮርቶ፤ «አንድ ቦታ ቀዳዳ አለው።»

ሸክላው ሲያበቃ ብድግ ብሎ አጨበጨበና፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ለመሰናበት ኮፍያውን አነሳ።

«ይቀመጡ እንጂ! አንዱ ገጽ ነው ያለቀው፤ ሶናታው ብዙ ሸክላ ላይ ነው ያለው» አለችና ሸክላውን ገለበጠችው። በሁለተኛው ገጽም ተነሳ፣ አስቀመጠችው። በሦስተኛው ገጽ ተነስቶ ራሱ ተቀመጠ። በመጨረሻ ቫዮሊኑ መሮጥ ጀመረ፤ ፒያኖው ከኋላ ከኋላ እያሳደደው ዳገት የሚወጡ መሰለ። አናቱ ላይ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ሸክላው ቀጥ አለ። ደምሴ የሚቀጥለውን እየጠበቀ ሳይነቃነቅ ቁጭ አለ።

«አሁን አለቀ» አለች ሙሉ።

«እንዴት ያልቃል? ሰውየው እየሮጠ ነበር እኮ! የት ደረሰ?»

«የመጨረሻው ሸክላ የለም። ሐኪሟ ስትሄድ ዕቃ ስንጭን ጠፋ። እሷ ቤት አንድ ቀን ሰምቼው ነበር፤ አሁን እንዴት እንደሚያልቅ ረስቼዋለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ ደምሴ ጎማ ሲጠግን ያ ቫዮሊን ጆሮው ውስጥ ዳገቱ ላይ እንደቆመ ነበር። በቀጣዩ እሑድም ሄደ፤ በሌላውም። በዚህ መሃል እሑድ ጠዋት ጠዋት እጁን ሲያሽ ከቀበሌው የውይይት ክበብ ስለቀረ፣ ሰብሳቢው በኃይሉ ምን ነክቶት እንደሆነ ለማጣራት ራሱ ሙሉ ቤት መጣ። በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ አንድ ገጽ ሙሉ አዳመጠ።

«ቃል የለውም?» አለ በመጨረሻ።

«የለውም ጓድ» አለች ሙሉ።

«ፈጽሞ?»

«ፈጽሞ።»

በኃይሉ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ቃል ከሌለው ምኑ ይገመገማል?» ብሎ፣ ደምሴን ከሚቀጥለው ውይይት እንዳይቀር አስጠንቅቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደምሴ ጠዋት ውይይቱ ላይ ያንቀላፋል፣ ከሰዓት ሶናታ ይሰማል።

ችግሩ የመጣው ሙሉ አንድ ቀን፣ «መርፌ አለቀብኝ» ስትል ነው።

«ክሊኒክ ውስጥ መርፌ ጠፋ?»

«የማጫወቻው መርፌ ነው። ከውጭ ካልመጣ የትም አይገኝም። ሐኪሟ መርፌ ሲታጣ በእሾህ የሚያጫውቱ ሰዎች አሉ ትል ነበር፤ የምን እሾህ እንደሆነ ግን አልጠየቅኳትም።»

ደምሴ ሳቀ፤ ወይዘሮ ተዋበች ከበረንዳቸው ደንግጠው ተነሱ። ስንት ዓመት ሙሉ ከጎማ ሲነቅለው የኖረውን የግራር እሾህ፣ ለምን እንደሚጠቅመው ሳያውቅ በጣሳ አጠራቅሞ አስቀምጧል! ብስክሌቷን ተበድሮ በረረ፣ ጣሳውን ይዞ ተመለሰ። ጠንካራ ጠንካራውን መረጡ፤ በብርጭቆ ወረቀት ሞረዱት፤ በመርፌው ቦታ ሰኩት። ድምፁ ረገበ፤ ቆሎውም ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። ሙሉ ዓይኖቿን ጨፍና ስትሰማ፣ ደምሴ ያን የጠፋ ሸክላ ከምድር በታችም ቢሆን እንደሚያወጣው ለራሱ ማለ።

ዕቃ የጫኑት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ጠየቃት። የሐኪሟ ግቢ ዘበኛ ሙሴ እንደነበረ ነገረችው። በቀጣዩ እሑድ ደምሴ ውይይቱን ትቶ፣ በሙሉ ብስክሌት ማልዶ ወደ ቡሹሎ ጋለበ። ሙሴ ጸሎት ቤት ሄዶ ስለነበር ሚስቱ ብርቅዬ ተቀበለችው። ላቡን አይታ ውኃ ልትቀዳለት እንስራውን ከፈተች። ክዳኑ ጥቁር፣ ክብ፣ መሃሉ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል።

«እሱ ነው!» ብሎ ደምሴ ሲጮህ ጣሳው ከብርቅዬ እጅ ወደቀ፤ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ።

«ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ?»

«ክዳኑ! ክዳን አይደለም፣ ሸክላ ነው!»

«ታዲያ እንስራውስ ምንድን ነው? ሸክላን በሸክላ መክደን ምን ነውር አለው?»

ሰዎቹ መጨረሻው ላይ ሳይደርሱ ዳገት ላይ እንደቀሩ፣ ሲስተር ሙሉም እነሱን እየጠበቀች እንደምትኖር አስረዳት። ብርቅዬ የሰማችው ሲስተር ሙሉ የሚለውን ብቻ ነው። «አንተ ልታገባት ነው?» አለችው። ደምሴ የወደቀውን ጣሳ አንስቶ ይወለውል ጀመር።

«እንግዲያው ሸክላው ያስፈልግሃል» አለች ብርቅዬ። «ግን ልክክ ብሎ ነው የሚገጥመው፤ እንቁራሪት እንኳ አያስገባም። እንደሱ የሚገጥም አምጣና ውሰድ።»

ደምሴ የእንስራውን አፍ በገመድ ለካ። በሳምንቱ ጣውላ በክብ አስቆርጦ፣ ዳሩን በከመነዳሪ ለብዶ፣ ከጎማ እጀታ ሠርቶለት ይዞ ሄደ። ብርቅዬ ከፈተች፣ ገጠመች፣ አሸተተች። ውኃውን ቀምሳ ጎማ ጎማ እንደማይል ካረጋገጠች በኋላ፣ «ለጎረቤቴም አንድ ሥራላት» ብላ ሸክላውን ሰጠችው። ፀሐይ እንዳያቀልጥበት በሸሚዙ ውስጥ ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ ቡሹሎን ለቆ ሐዋሳ እስኪደርስ ሽቅብም ቁልቁልም አላየም።

ሸክላው እንስራ ላይ ስንት ዓመት ተቀምጦ እንደ ሳህን ጎብጧል። አጠቡት፣ አደረቁት፣ አዲስ እሾህ ሰኩለት። እሾሁ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ጭነት መኪና ከፍ ዝቅ እያለ ገሰገሰ። ቫዮሊኑ ዳገቱን ካቆመበት ቀጠለ። ደምሴ በደንብ ለመስማት ዓይኑን ጨፈነ። ጎህ ሳይቀድ የተነሳ፣ ያን ሁሉ መንገድ የጋለበ ሰው ዓይኑን ከጨፈነ ደግሞ የሚሆነው ይታወቃል።

«አንተ!»

ብንን አለ። ሸክላው አልቆ እሾሁ ባዶ ይፍጨረጨራል። ሙሉ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«ቆንጆ ነው» አለ ደምሴ ቶሎ ብሎ።

«አንኮራፍተህ ጨረስከው!»

«እኔ? ቫዮሊኑ ነው።»

ሙሉ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች መዘወሪያውን እንደገና አዞረች። በዚህኛው ደምሴ ቆሞ ሰማ። ቫዮሊኑና ፒያኖው አናቱ ላይ ደረሱ፣ ትንሽ ተነፈሱ፣ ከዚያ እኩል እየተንደረደሩ ወርደው በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ።

«ይኸው ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«ይኸው ነው።»

«አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አላት። ሁለቱም እርስዎ መባባላቸው መቼ እንደቀረ ልብ አላሉም፤ ልብ ያሉት ወይዘሮ ተዋበች ናቸው። በማግስቱ ደምሴን መናኸሪያ ድረስ ሄደው፣ «ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?» አሉት።

ጥቅምት ላይ ተጋቡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እሑድ ከሰዓት በቤታቸው የተጋጋለ ክርክር ነበር። ሙሉ ሙዚቃው የቫዮሊኑ ነው ትላለች። ደምሴ ደግሞ ቫዮሊኑ ሹፌር ነው፣ ስሙን የሚወስደው እሱ ነው ይላል፤ ጭነቱን የሚያስረው፣ ዳገት ላይ ጎማ ሥር ድንጋይ የሚያስገባው፣ ጎማ የሚቀይረው ግን ፒያኖው ነው። «ረዳት ሆኖ ያልኖረ ሰው ሶናታ አይገባውም» እያለ ሲጮህ መንገድ ላይ ድረስ ይሰማል። ሙሉም ሸክላውን ትገለብጣለች።